የኦም ሕግና የእኛ ስሌት

ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው፤ ሒሳብንም ያስጀመረው አባቱ ነበር። በኮሎኝ ከተማ መምህር ሳለ ርዝመታቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ሽቦዎችን መረመረ፤ ሕጉንም እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አወጣ። ብዙ ሊቃውንት ግን ችላ አሉት። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሜዳይ የሸለመው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1841 ነው።

እኛም የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተሰብስበን የምንጠያየቀው ይህንኑ ሕግ ነው። 220 ቮልት ለ110 ኦም ሲካፈል 2 አምፔር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ ግን ብዙዎቻችን «200 ኦም» አልን። አንዱ ጓደኛችን መንገዱ ሁለት መሆኑን በሰሌዳ ሥሎ፣ መልሱ 50 እንደ ሆነ አስረዳን። እንዲህ ያለው ስሕተት በሥራ ላይ ቢደርስ ሽቦ ያግላል፤ ቤትም ያቃጥላል። ስለዚህ ዛሬ በጠመኔ ብንሳሳትና ብንተራረም ይሻለናል።