ሃያ ሁለት ጥርስ

አንድ የግንቦት ጠዋት፣ ላፍቶ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ዕጩ መምህራንን ማስተማር ነውና፣ ለልምምድ ሲወጡ እየተከተልኩ እታዘባለሁ፤ ውጤትም እሰጣለሁ። የዕለቱ ትምህርት የሰውነት ክፍሎች ነው። ዕጩዋ ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ሰቅላ፣ "የሰው ልጅ ስንት ጥርስ አለው?" ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ባንድ ድምፅ፣ "ሠላሳ ሁለት!" አለ።

ከፊት ተርታ፣ የታች የፊት ጥርሶቹ የወለቁ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ የኔ ግን ሃያ ሁለት ነው።"

"ደግመህ ቁጠር።"

ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ደግሞ ቆጠረ። "ሃያ ሁለት ነው።"

"በል ተቀመጥ፤ መጽሐፉ ሠላሳ ሁለት ነው የሚለው።"

ልጆቹ ሳቁ። እሱም አፉን ገጥሞ ተቀመጠ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ልጁ ልክ ነበራ! የሕፃን የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ስድስት ዓመት ግድም ሲሞላው፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅላቸው አራት ቋሚ መንጋጋዎች ከኋላ ብቅ ይላሉ። ሃያ አራት ሆነ። የታች የፊት ሁለቱ ወልቀው ተተኪዎቹ ካልወጡ፣ ሃያ ሁለት። ሠላሳ ሁለቱ የዐዋቂ ሰው ሒሳብ ነው፤ እሱም የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ከመጡ ነው። ዕጩዋን ልወቅሳት አስቤ አፌን ያዝኩት። ያንን ሥዕል ማን አስተማራት? እኔ! ለስንት ዓመት የዐዋቂ ገላ ሥዕል እየሰቀልኩ፣ ለሕፃናት የሚሆን መምህር አወጣለሁ ስል ኖሬያለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥዕሉን ጠቅልዬ አስቀመጥኩና ዕጩዎቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀመጥኳቸው። በሞባይላቸው ባትሪ አንዱ የሌላውን አፍ እያየ ያየውን እንዲጽፍ አዘዝኩ። ጥርስ፣ ድድ፣ ላንቃ፣ እንጥል። ጥቂት ቆይቶ ከወደ ጥግ አንዱ፣ "መምህር፣ የሷ እንጥል የለም!" አለ። ሌላው ቀጠለ፤ "የሱም የለም።" ሦስተኛው፣ አራተኛው... ከዚያ አንዷ ደፋር ዞር ብላ፣ "የእርስዎስ፣ መምህር?" አለችኝ።

የኔም የለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስትነግረኝ፣ "ጉሮሮህ አብጦ ጡት እምቢ ስትል፣ እንጥሉ ወርዷል፣ ሳያንቀው ቶሎ አስቆርጪለት አሉኝ። ጎረቤት ይዞህ፣ እኔ ፊቴን አዙሬ አስቆረጥኩህ" ብላኛለች። ፊቷን ያዞረችው ስለምትወደኝ ነው። ያስቆረጠችውም ስለምትወደኝ ነው። ይህ ነገር ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የምንጣላው ከክፋት ጋር ሳይሆን ከፍቅር ጋር ነውና።

እንጥል ከላንቃ ጫፍ የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ ናት። ጉሮሮን የሚያረጥብ ምራቅ ታመነጫለች፤ ስንውጥም ከለስላሳው ላንቃ ጋር ወደ ላይ ተነሥታ ምግብና ውኃ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ መንገድ በመዝጋቱ ታግዛለች። ጉሮሮ ሲቆጣ እሷም አብራ ታብጣለች። እንግዲህ ማበጧ የበሽታው ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም። "እኛ ያለሷ ኖረን የለም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። ኖረናል። ልጅን የሚገድለው ያለ እንጥል መኖር ሳይሆን መቆረጡ ነው፤ የማይቆም ደም፣ ባልተቀቀለ ስለት የሚገባ መርዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ። ደግሞም የጉሮሮ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይጎድላል። ልጁ ሲድን ቆራጩ ይመሰገናል፤ ሲሞት "እግዜር ወሰደው" ይባላል። እንዲህ ባለ ሒሳብ የሚከስር ባለሙያ የለም።

ግግም እንዲሁ ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል። ድዱ ሲታይ አብጦ ነጣ ብሏል። "ግግ ነው፤ ይውጣለት" ይባልና ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ተጎርጉሮ ይወጣል። አብሮም ከሥር የተኛው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥ ሊጎዳ ይችላል። ተቅማጡ ከየት መጣ? ስድስት ወር እኮ ጥርስ የሚመጣበት ብቻ አይደለም። ልጅ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምርበት፣ ወለል ላይ የሚድህበት፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ወቅት ነው። ሁለት ነገር አብሮ ስለመጣ አንዱ ሌላውን ወለደው አልን። ልጁ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነበር፤ ደም አፈሰስንለት።

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው የሬዲዮ ጣቢያ ነው ይባላል። "ግግ ነው" የሚለው ወሬ ግን ሽቦም ነፋስም አይፈልግም፤ በቡና ስኒ ከደጅ ደጅ ይደርሳል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ደረጃ ሲጋራ፣ የየአገሩን መድኃኒትም አብሮ ይጋራል።

ታዲያ እውቀቱ እስከዛሬ የት ነበር? ነገሩን ከላይ ልጀምረው። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ተወስደው እዚያው ሕክምና ተማሩ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በኃላፊነት እንዲመሩት የተሾሙት እኚሁ ሐኪም ነበሩ። አያችሁ? በመጀመሪያው ላይ ሐኪሙና መምህሩ አንድ ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። መምህራን ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ። ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማውጣት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተመሠረተ። ሁሉም ለአገር የሚያኮራ ሥራ ነው። ግን ስለ ልጅ ገላ ያለው እውቀት በሆስፒታሉ መንገድ ሄደ፤ ልጁ ራሱ ደግሞ በየማለዳው የሚሄደው በትምህርት ቤቱ መንገድ ነው። መምህሩ እጅ የቀረው ሥዕልና ቁጥር ሆነ፤ ጥርስ 32፣ አጥንት 206፣ ፈተናው ላይ ይመጣል።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙበት ጊዜ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። ፋፋን የማያውቅ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ጡት ከመተው ጋር የሚመጣውን የልጅ መክሳትና ማበጥ አጥንቶ ያወጣው ምግብ ነው። ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራና የወተት ዱቄት፤ ስሙም ከሚሠራው ሥራ የተወሰደ፣ ፋፋ! ልብ በሉ፤ ለዚያው ለጨቅላ ዕድሜ፣ አንዱ ቤት ስለት ሲያዘጋጅ ሌላው ቤት ገንፎ አገነፋ። ልዩነቱ የልጁ ሆድ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅ ብቻ ነበር።

ኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የተባለው ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲቋቋም ከተነሣባቸው ልማዶች እንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ መንቀል ይገኙበታል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 ሁለቱን በስም ይጠቅሳቸዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ልጆቻችንን ቤት ለቤት ላካቸው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆኗል። ክትባቱ፣ ምግቡ፣ ጤና ጣቢያው፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ቢሆንም 67 ልጅ አንድ ሙሉ ክፍል ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ የሆነ ክፍል።

ሕጉ የሚመጣው ከተቆረጠ በኋላ ነው። የጤና ባለሙያዋ ብትመጣ በወር አንዴ ነው። መምህር ግን ልጁን በሳምንት አምስት ቀን ፊት ለፊት ያየዋል። "ደንቆሮ፣ ሲጠሩት አይሰማ" የሚባለው ልጅ ጆሮው መግል እየያዘ እንደሆነ፣ "ሰነፍ" የተባለችው ከሰሌዳው የምትርቀው ዓይኗ ደክሞ እንደሆነ ቀድሞ ሊያይ የሚችል እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬ ፊቱ የተቀመጠችው የስምንት ዓመት ልጅ፣ ከአሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በኋላ ሕፃን ታቅፋ "እንጥሉ ወርዷል" ሲሏት የምትሰማ እናት ናት። ያኔ ሐኪም አጠገቧ የለም። ያለችው ጎረቤትና የአንደኛ ክፍል ትምህርቷ ናቸው።

የሞባይል ባትሪ ክፍለ ጊዜያችን ሲያልቅ፣ "የእርስዎስ?" ያለችኝ ዕጩ ከሁሉም ኋላ ቀረች።

"መምህር፣ እኔኮ የልጄን ባለፈው ክረምት አስቆርጬዋለሁ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ዳነ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። ግን ይህን የሰውነት ትምህርት ያን ጊዜም ጨርሼው ነበር። 'ኤ' ነው ያገኘሁት።"

ማን እንደሰጣት አልጠየቅኩም። የሰጠኋት እኔ ነኝ። እንጥል የት እንዳለች በቀስት አመልክታልኛለች፤ ለምን እንዳለች ግን አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝ።

ያ ልጅ አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የታች ጥርሶቹም ሳይመጡ አይቀሩም። ዘንድሮ ለልምምድ የሚወጡትን ዕጩዎቼን ከመላኬ በፊት አንድ ነገር አስይዣቸዋለሁ። "ስንት ጥርስ አለው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "በሉ ቁጠሩ" በሉ። ሃያ ሁለት የሚል ከመጣ፣ መጽሐፉን ዝጉና አፉን እዩለት።