የጉሊት ሴቶችና የታደሰ መስፍን ቀለም

ሐሙሲት ስሟ ራሱ የገበያን ቀን ያስታውሳል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሁሉ የፎገራን ሽንኩርትና ሩዝ ከፊታቸው ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶችን አይቷል። አይቷል ለማለት ግን ይከብደኛል፤ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮና ገዝቶ የሚሄደው ብዙ ነው፣ የሻጯን ፊት የሚያስታውሰው ግን ጥቂት። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን «የሕይወት ምሰሶዎች» በተሰኙት ተከታታይ ሥዕሎቻቸው ያነሡት እነዚህኑ፣ በየከተማው ጉሊት ዘወትር እየታዩ የማይታዩትን ሴቶች ነው።

እርሳቸውም የዚሁ የሰሜን አገር ልጅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በወልድያ ተወለዱ። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ተማሩ፤ ቀጥሎም በሌኒንግራድ። ከዚያ በኋላ በዚያው በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢዬናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት ሥራዎቹን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ ነው።

በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ በዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለምሳሌ፣ ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹን ገልጦ ያየናል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። የታደሰ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት፣ መለል ብለው እንደ ዓምድ ይቆማሉ። ለቅዱሳን የተለየውን ስፍራ ለሽንኩርት ሻጭ የሰጧት ሆኖ ይታየኛል።

ይህን የሚሠራላቸው ደግሞ ቀለሙ ነው። ገበያ የቀለም ጎርፍ ነው፤ በርበሬው፣ ቲማቲሙ፣ ቢጫው ጀሪካን፣ ዣንጥላው። ሁሉን ልያዘው ያለ ሠዓሊ ለጎብኚ የሚሸጥ ፖስት ካርድ ይዞ ይመለሳል (እንዲህ ያለው በየሱቁ ሞልቷል)። ታደሰ ግን ጎርፉን ይገድቡታል። መደቡ አመድማና አፈርማ እየሆነ ይረጋል፤ ልብሱ በሰፋፊ የቀለም ንጣፍ ይወድቃል፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች እያነሱ፣ ጠርዛቸው እየደበዘዘ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላሉ። ዓይናችን ከሸቀጡ ተላቅቆ ወደ አንገቷና ወደ ትከሻዋ አያያዝ ይሄዳል።

ሆኖም ከእነዚህ ሸራዎች ጋር የምሟገትበት ነገር አለኝ። ምሰሶ አይደክምም፤ የጉሊት ሴት ግን ትደክማለች። ደንብ አስከባሪ መጣ ሲባል ሸቀጧን ጠቅልላ፣ ልጇን አዝላ ትሮጣለች። ያ ሩጫ በዚያ ሁሉ እርጋታ ውስጥ የት ገባ? ግርማ ሞገስ ሲበዛ ድካምን ይሸፍናል። ስለዚህ ከቆሙት ይልቅ ቁጢጥ ያሉትን ሴቶች አብልጬ እወዳለሁ። እዚያ ዓምዱ ከጉልበቱ ታጥፏል፤ ጨርቁ ጭኗ ላይ ተሰብስቦ ጥላው ይጠቁራል፤ የቀኑም ክብደት በዚያ ጥላ ውስጥ ይታያል።