ግሸን በሰንጠረዥ ውስጥ፦ የብራና መዛግብትና የማጣቀሻ ቁልፍ



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል። ለብራና መጻሕፍት የመረጃ ቋት ስናዘጋጅ፣ መጽሐፉን ከቦታው ጋር አስተሳስሮ የሚያቆየው ምንድን ነው? ምሳሌ የማደርገው በአምባሰል የሚገኘውን ግሸንን ነው።

ግሸን ብዙ ስምና ብዙ ታሪክ ያለው ስፍራ ነው። ለዘመናት የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ነበረ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1434 ከመንገሣቸው በፊት በዚያ እንደነበሩ ይነገራል። ደብረ ከርቤ ተብሎም ይጠራል። በአምባው ላይ የእግዚአብሔር አብንና የማርያምን ጨምሮ ከአንድ በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ መጽሐፈ ጤፉትም የሚጠበቀው በዚሁ ነው። እንግዲህ አንዱ መዝጋቢ «ግሸን»፣ ሌላው «ግሼን ማርያም»፣ ሦስተኛው «ደብረ ከርቤ» ብሎ ቢጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ሦስት ቦታ ይቆጥራል፤ ተመራማሪውም ከመጻሕፍቱ ከፊሉን ብቻ ያገኛል።

የመፍትሔው መሠረት የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይገኛል። ፎሪን ኪ፣ ማለትም የማጣቀሻ ቁልፍ፣ በዚያ ጽሑፍ ተብራርቷል። አሠራሩ ግልጽ ነው። በቦታዎች ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ተለዋጭ ስሞቹም ከዚያው ቁጥር ጋር ይያያዛሉ። በመጻሕፍት ሰንጠረዥ የሚጻፈው ቁጥሩ ብቻ ነው። ገደቡ ሲጣል፣ በቦታዎች ሰንጠረዥ የሌለ ቁጥር ተቀባይነት አያገኝም፤ መጽሐፍ የተመዘገበበትን ቦታም መሰረዝ አይቻልም። «ካስኬድ» የተባለው ምርጫ በመሰረዝ ላይ ከተጨመረ ግን ቦታው ሲሰረዝ መጻሕፍቱም አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ለቅርስ መዝገብ አልመክረውም።

እዚህ ላይ የምንጠቀምበት የክላየንት ፕሮግራም ጉዳይ ይመጣል። በፖስትግሬስ ገደቡን የሚያስከብረው ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ፣ በየትኛውም ፕሮግራም ብንገባ ሕጉ ያው ነው። በኤስኪውላይት ግን ገደቡ በተለምዶ ጠፍቶ ይጀምራል፤ በየግንኙነቱ «ፕራግማ ፎሪን ኪስ» የተባለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ማብራት ያስፈልጋል። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ፋይል ላይ ሲሠሩ አንደኛው ካላበራው፣ ባለቤት አልባ መዝገብ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይገባል። ኋላ ማብራት ብቻ የቀደመውን ስሕተት አይገልጥም፤ ስለዚህ «ፎሪን ኪ ቼክ» በተባለው ትእዛዝ መፈተሽ ይገባል።

ለወሎ ቅርስ ደግሞ አንድ ቁልፍ አይበቃም። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰዳቸው ብዙ ብራናዎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ለእነዚህ «የተወሰደበት» እና «አሁን ያለበት» የተባሉ ሁለት ዓምዶች፣ ሁለቱም ወደ ቦታዎች ሰንጠረዥ የሚያመለክቱ፣ ያስፈልጋሉ። አንዱን ብቻ ከያዝን ወይ መገኛቸውን ወይ ታሪካቸውን እናጣለን።

ሆኖም አንድ ወሰን ልብ ይሏል። ቁልፉ የሚያረጋግጠው የተጠቀሰው ቦታ በመዝገባችን መኖሩን እንጂ መጽሐፉ በእርግጥ ከዚያ መምጣቱን አይደለም። በግሸን ፈንታ የሐይቅ እስጢፋኖስ ቁጥር ቢጻፍ ሥርዓቱ ያለ ማንገራገር ይቀበለዋል። ያንን የሚለየው የኅዳግ ጽሑፉን አንብቦ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጠባቂዎች ጋር የሚያመሳክር የታሪክ ባለሙያ ነው።