ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን

ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሳለ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋራ በአንድ ማዕድ ይቀመጥ ነበር። ከግዝረት ወገን የሆኑት በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ስለ ራቀ፥ ቅዱስ ጳውሎስ በሰው ሁሉ ፊት ገሠጸው። በአንድ ጥምቀት የተወለዱትን በማዕድ መለየት ከወንጌል እውነት መራቅ መሆኑ ያን ጊዜ ተገለጸ። ነገር ግን ይህ ፈተና በአንጾኪያ አላበቃም፤ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ላይ ደረሰ።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1520 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልክተኛ ሮድሪጎ ደ ሊማ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጣ። ከርሱም ጋራ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የሚባል ቄስ ነበረ። ይህ ቄስ በኢትዮጵያ በተቀመጠበት ስድስት ዓመት እንደ አገሩ ሥርዐት ይቀድስ ነበር፤ የንጉሡም ካህናት ቅዳሴውን ሊያዩ ይመጡ ነበር። መልክተኞቹ በ1526 ሲመለሱ ዐፄ ልብነ ድንግል ካህኑን ጸጋ ዘአብን የራሱ መልክተኛ አድርጎ አብሮ ሰደደው። በ1527ም ሊዝቦን ገባ።

በዚያም ሊቃውንቱ ስለ ሰንበት፥ ስለ ግዝረትና ስለ መብል ሥርዐት እየጠየቁ ተከራከሩት። በዚህም ምክንያት ከቅዱስ ቍርባን ተከለከለ። የክርስቲያን ንጉሥ መልክተኛ፥ ራሱም ካህን የሆነ ሰው፥ በክርስቲያን አገር ሳለ እንደ ተወገዘ ሰው ተቈጠረ። ከአገሩ ርቆ መኖሩ ሳያንሰው፥ ሥጋ ወደሙን አጥቶ መቀመጡ እጅግ አሳዘነው።

ስለዚህም በ1534 የአገሩን ሃይማኖትና ሥርዐት የሚገልጥ መጽሐፍ ጽፎ ፈጸመ። በዚህም ግዝረት የአባቶች ልማድ እንጂ የመዳን ምክንያት እንዳይደለ አስረዳ። በእንባም እየመሰከረ፥ ግሪክም ቢሆን አርመንም ቢሆን ኢትዮጵያዊም ቢሆን፥ የጥምቀት ልጅ ሁሉ በፍቅር ሊታቀፍ እንጂ ስለ ሥርዐት ልዩነት ሊገፋ እንደማይገባ አመለከተ። ወዳጁ ዳምያኖ ደ ጎይስ ይህን ጽሑፍ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቬን አሳተመው። በማግሥቱ ዓመት ግን መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ በሌሎች አገሮች ግን ደጋግሞ ታተመ።

ጸጋ ዘአብ መጽሐፉን በፈጸመበት በዚያው በ1534፥ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በጀርመን አገር ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋራ ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ። ሉተርም የሥርዐት መለያየት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ የሚመሰክር ደብዳቤ ጽፎ ሰጠው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የአንድ አገር ልጆች ሁለት ዓይነት አቀባበል አገኙ።

ጸጋ ዘአብ የፖርቱጋል ሰዎች የኢትዮጵያን ሥርዐት እንዲይዙ አልለመነም። የለመነው በጥምቀቱ ወንድም መሆኑን እንዲያውቁለት ብቻ ነበር። አልቫሬስ በኢትዮጵያ ሳይከለከል የቀደሰውን ቅዳሴ ያሰበ ሰው፥ ይህ ልመና ከባድ እንዳልነበረ ያስተውላል። እንግዳ ክርስቲያን ወደ ደጁ የመጣበት ካህንም፥ አስቀድሞ ልማዱን ከመመርመር ይልቅ ጥምቀቱን ቢያስብ፥ ጳውሎስ በአንጾኪያ የገሠጸው ስሕተት አይደርስበትም።