ስለ ዐለት ላይ ቅርጾች አመዘጋገብ፤ ከሻቤ እስከ ኪራሙ ኮረብቶች

የአንድ አገር ታሪክ የሚጀምረው በብራና ላይ መጻፍ ከተጀመረበት ቀን አይደለም። ከጽሕፈት አስቀድሞ የነበሩ ሰዎች ያዩትንና የከበረ መስሎ የታያቸውን ነገር በድንጋይ ላይ ቀርጸው ትተውልናል። ነገር ግን በዐለት ላይ ያለ ቅርጽ ስለ ተገኘ ብቻ የታሪክ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ያለበት ስፍራ፣ መጠኑና አሠራሩ፣ እንዲሁም የአካባቢው ሕዝብ ስለ እርሱ የሚናገረው ቃል አንድ ላይ በጥንቃቄ በተመዘገበ ጊዜ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው መዝገብ አንድ እግሩ እንደ ተሰበረ በርጩማ ነው፤ ቢታይ ያምራል እንጂ አያስቀምጥም።

ኪራሙ በምሥራቅ ወለጋ ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው አገር የምትገኝ ወረዳ ናት። የሕዝቡ ኑሮ በእርሻና በከብት ርባታ የቆመ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ኮረብታውን፣ ዋሻውንና የዐለቱን ጥግ ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው እረኛ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሚጠለልበትን፣ ከብቱን የሚያሳርፍበትን ስፍራ ለይቶ ያውቃልና። ስለዚህ በወለጋ ኮረብቶች ላይ የጥንት ቅርጽ ሊፈልግ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ መምህሩ የአገሬው ሰው መሆኑን አስቀድሞ ሊያምን ይገባዋል። ይህም በአገራችን የዐለት ሥዕልና ቅርጽ ጥናት ታሪክ የተረጋገጠ ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ ይህ ጥናት በስፋት የታወቀው በመጀመሪያ በሥዕል እንጂ በቅርጽ አልነበረም። በ1929 ፒየር ቴያር ደ ሻርደንና አንሪ ደ ሞንፍሬ በድሬ ዳዋ አጠገብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ የተባለውን ዋሻ ለሊቃውንት አስታወቁ። በ1933 የቅድመ ታሪክ ሊቅ የነበሩት አባ አንሪ ብረይ ወደዚያው መጥተው በሐረርጌ ያገኟቸውን የዋሻ ሥዕሎች ገልብጠው በ1934 በፈረንሳይኛ አሳተሙ። የዚያን ጊዜ መዝገብ በእጅ የተገለበጠ ነበርና፣ ከሥዕሉ ጋር የገልባጩ ዓይንም አብሮ ይገባበት ነበር።

ስለ ቅርጾች የሚያስተምረን ዋናው ስፍራ ግን በቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት በዲላ አካባቢ የሚገኘው ሻቤ ነው። ሻቤን በ1965 ለጥናት ሰዎች ያስታወቁት የዲላ አካባቢ አስተዳዳሪ የነበሩ ፊታውራሪ ናቸው። ከዚህ በኋላ ፈረንሳዊው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ ስፍራውን አይተው በ1967 መግለጫቸውን አሳተሙ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ አስቀድሞ የአገሩ ሰው አወቀ፣ ቀጥሎ ሹሙ አስታወቀ፣ በመጨረሻም ሊቁ መጥቶ መዘገበ። ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ኖሮ ሻቤ በመጽሐፍ አይገኝም ነበር።

በሻቤ ወንዙ በቀደደው ጠባብ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ሃምሳ ያህል ከብቶች ተቀርጸዋል። ቀራጮቹ በዐለቱ ላይ መስመር ብቻ አልጫሩም፤ የከብቱን ዙሪያ እየፈለፈሉ ዝቅ በማድረግ ገላው ከዐለቱ ከፍ ብሎ እንዲወጣ አድርገዋል። የከብቱ ገላ ከጎን የታየ ነው፤ ቀንዶቹ ግን ከላይ እንደ ታዩ ሆነው ሁለቱም ተዘርግተው ይታያሉ። ራሱ እጅግ ትንሽ ነው፤ የላሟ ግት ግን ጎልቶ ተሠርቷል። ይህ የሚያሳየው ቀራጩ ያየውን ሁሉ በልኩ ለመገልበጥ አለመድከሙን ነው። ለእርሱ የከብት ክብር በቀንዷና በወተቷ ነበርና እነዚህን አጎላ፤ የቀረውን አሳነሰ።

ከዚህም በላይ ከብቶቹ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በአገራችን የበዛው ከብት ሻኛ ያለው ስለ ሆነ፣ ሻኛ የሌለው ከብት በዐለት ላይ መገኘቱ ሊቃውንትን ቅርጾቹ እጅግ የቆዩ ናቸው ወደሚል አሳብ መርቷቸዋል። ሆኖም የተቀረጸ ድንጋይ ዕድሜውን በቀጥታ አይናገርም። በቀለም የተሣለ ሥዕል ከሰልን የመሰለ ነገር ቢኖርበት በላቦራቶሪ ሊመረመር ይችላል፤ በቅርጽ ላይ ግን የሚመረመር ቀለም የለም። ስለዚህ የቅርጽ ዕድሜ የሚገመተው ከሌላው ቅርጽ ጋር በማስተያየት ነው፤ ማስተያየት የሚቻለው ደግሞ ሁለቱም በትክክል ተመዝግበው እንደ ሆነ ብቻ ነው። በ2001 ዣን ሎይክ ለ ኬለክ ከኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር በደቡብ ያሉ ሌሎች የቅርጽ ስፍራዎችን ባሳተሙ ጊዜ፣ የሻቤንና የገልማን አሠራር አንድ ወገን አድርገው ለመመደብ የቻሉት የአንፍሬ መዝገብ አስቀድሞ ስለ ነበረ ነው።

የቅርጽ አመዘጋገብ ከሥዕል አመዘጋገብ የሚለይበት ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ዝቅተኛ ቅርጽ ከዐለቱ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፤ ጧት ማለዳ ወይም ወደ ማታ ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት ግን ጥላው ይወጣና ከብቱ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ መዝጋቢው አንዱን ዐለት በተለያየ ሰዓት ማየት፣ ካስፈለገም በምሽት መብራት ከጎን ይዞ መመልከት አለበት። ከፎቶግራፉ አጠገብ መለኪያ ይቀመጣል፤ ዐለቱ ወደየት እንደሚዞርና ከውሃ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጻፋል። በዛሬው ዘመን ብዙ ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር በማገናኘት የዐለቱን ገጽ ከነጥልቀቱ ማስቀረት ተችሏል።

ቅርጹ እንዲጎላ ብሎ በጠመኔ መሙላት ግን ታላቅ ስሕተት ነው። ጠመኔ የሚይዝ እጅ የተቀረጸውን ብቻ ሳይሆን የተቀረጸ የመሰለውንም ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተመልካች የጥንቱን ሰው እጅ ከትናንቱ ሰው እጅ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። የድንጋይ ሽበት ለማንሣት ዐለቱን በብረት መፋቅም እንዲሁ ነው፤ ሽበቱ ሲነሣ የቅርጹ ቆዳ አብሮ ይነሣል።

አመዘጋገብ በድንጋዩ ብቻ እንደማያበቃ የሚያስረዳው ደግሞ ለኪራሙ ከሻቤ ይልቅ የሚቀርበው የአሶሳ አገር ነው። አሶሳ በቀድሞው አስተዳደር በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አውራጃ ነበረች። ከ2000 ወዲህ በቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመሩ የስፔን ተመራማሪዎች በዚያ አገር በዐለት ጥጎች ቆፍረው ሥዕሎችንም መዘገቡ። ሥዕሎቹ በመልካቸው ብቻ ቢታዩ ትርጉማቸው የማይገለጥ ምልክቶች ናቸው። ሊቁ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ግን እንዲህ ያሉትን ምልክቶች በዚያ ድንበር አገር ካለው የዝናብ ማስመጣት ሥርዓትና ከእስልምና መግባት ጋር አያይዘው መረመሩ። ለዚህ መንገድ የከፈተው የድንጋዩ ልኬት ሳይሆን የሕያዋን ሰዎች ቃል ነው።

የስፍራ ስምም ራሱ መዝገብ ነው። ከታወቁት የሥዕልና የቅርጽ ስፍራዎች ብዙዎቹ የኦሮምኛ ስም አላቸው፤ በሐረርጌ ለገ ኦዳ፣ በደቡብ ለገ ሃሮና ኤጀርሳ ጋራ ሃሎ ይባላሉ። ለገ ማለት ወንዝ፣ ኤጀርሳ ማለት ወይራ፣ ጋራ ማለት ተራራ ነው። ዛፉ ቢቆረጥና ወንዙ ቢደርቅ እንኳ ስሙ ሰው በዚያ ለምን እንደ ተሰበሰበ ያመለክታል። ስለዚህ በኪራሙ አንዱን ኮረብታ ኦሮሞው በአንድ ስም፣ አማራው በሌላ ስም የሚጠራው ቢሆን ሁለቱም ስሞች ከነትርጓሜያቸው ሊጻፉ ይገባል፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው የምስክሩን ግማሽ ቃል እንደ መሰረዝ ይቆጠራል።

ይህ ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም። ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ የሚያልቀው በብዙ ሺህ ዓመት ነው፤ ምንም እንኳ የእርሻ እሳት ቢሰነጥቀውና ለቤት መሠረት የሚፈልጠው ቢኖርም። ስለ ድንጋዩ ያለው ዕውቀት ግን በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል። ከ2021 ጀምሮ በኪራሙና በአካባቢዋ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሽማግሌ ከቀዬው ሲወጣ የኮረብታውን ስምና የዋሻውን ወሬ ይዞ ይሄዳል፤ በመጠለያ ያደገ ልጅም የአባቱን የከብት ማሰማሪያ አያውቅም። ስለዚህ መዝገቡ ከዐለቱ ሳይሆን ከሰው መጀመር አለበት፤ የተፈናቀለው ባለበት ስፍራ ተጠይቆ የሚያውቀውን ይናገር።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ደብተር ላይ የስፍራውን ስም፣ የነገረውን ሰው ቃል፣ የተነገረበትን ቀንና ቋንቋ ቢጽፍ መሠረቱ ተጣለ ማለት ነው። ቅርጽ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይነካ ማስታወቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ. ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የተደነገገ ግዴታ ነው። የሻቤው ፊታውራሪ ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ያደረጉት ይህንኑ ነበር። የሻቤን ከብቶች ለዛሬ ተማሪ ያደረሳቸው የዐለቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ያየ ሰው ያየውን በጊዜው ስለ ተናገረና የሰማውም ስለ ጻፈ ነው።