ፊልምና ጌም በአንድ ጣሪያ ሥር

እ.ኤ.አ. በ2023 «ዘ ላስት ኦፍ አስ»፣ በ2024 ደግሞ «ፎልአውት» ከቪዲዮ ጌም ወደ ተከታታይ ፊልም ተለውጠው ሲወጡ፣ ጌምና ፊልም ገና አሁን እንደተዋወቁ አድርጎ የሚያወራ ሰው በዛ። መርካቶ ያደገ ሰው በዚህ አይገረምም። እኛ ሰፈር ሁለቱ ከመጀመሪያው አንድ ቴሌቪዥን ነበር የሚጋሩት። ጠዋት ጌም፣ ከሰዓት ፊልም፤ ባለቤቱም፣ ተመልካቹም፣ ተጫዋቹም ያው ነው። ይህን ታሪክ ጽፎት ያየሁት ሰው ስለሌለ እኔ የማውቀውን ላስፍር።

አባቴ ከራስ ቴአትር ብዙም በማይርቅ ቦታ ካሴት የሚያከራይ ሱቅ ነበረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። መዝገቡ ላይ የተከራዩን ስም፣ የካሴቱን ቁጥርና ያስያዘውን ነገር እጽፋለሁ። አብዛኛው ሰው መታወቂያውን ያስይዛል፤ መታወቂያ የሌለው የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ይሰጣል። ሳይጠነጠን የተመለሰ ካሴት ማጠንጠን፣ የተበጠሰውን ቆርጦ በስስ ፕላስተር መቀጠል፣ የዴኩን ሄድ በአልኮል ማጽዳት የእኔ ሥራ ነበር።

መርካቶ ገበያ የሆነችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያኖች በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ለአገሬው ሰው የተለየ ገበያ አቋቋሙ፤ የነጩንና የጥቁሩን ከተማ ለመለየት። ጠላት ከወጣ በኋላ ገበያው የባለቤቱ ሆነና አደገ። ሲኒማ ራስ፣ በኋላ ራስ ቴአትር የተባለው፣ ለገበያተኛውም ለተሸካሚውም ለተማሪውም የጋራ ቤት ነበር። የእኔ ዘመን ታሪክ ግን ከትልቁ አዳራሽ ይልቅ በየጓሮው ከተከፈቱት ትንንሽ ክፍሎች ይጀምራል።

የቪዲዮ ዴክ ወደ ሰፈራችን በብዛት የገባው በደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው፤ ከጅዳ፣ ከዱባይና ከጅቡቲ በሚመለስ መንገደኛ ሻንጣ። መጀመሪያ በቀበሌ አዳራሽ ይታይ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቪዲዮ ቤቱ እንደ አሸን ፈላ። ከሰባተኛ እስከ አውቶብስ ተራ፣ ከተክለሃይማኖት እስከ መሳለሚያ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ አግዳሚ የተደረደረበት፣ ደጃፉ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ክፍል የሌለው መንደር አልነበረም። ድምፅ ማጉያው ወደ ውጭ ስለሚወጣ የቡጢው ድምፅ አላፊ አግዳሚውን ይጣራል። መግቢያው በሳንቲም ነበር።

ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገብታ መቀመጥ በዚያን ጊዜ ነውር ስለነበር፣ እኔ ፊልሞቹን ያየሁት ሱቃችን ውስጥ ሲቀዱ ነው። ሁለት ዴክ በገመድ ይያያዛል፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የሁለት ሰዓት ፊልም ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ የሚያፋጥነው ነገር የለም። መብራት ብልጭ ካለ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ አንድ ሰው ዘብ መቆም አለበት፤ ዘቡ እኔ ነበርኩ። ከኦሪጅናሉ የተቀዳው አንደኛ ኮፒ ጥሩ ነው። ከኮፒው ሲቀዳ ቀይ ቀለም መፍሰስ ይጀምራል፤ ከዚያ ኮፒ ደግሞ ሲቀዳ ድምፁ ይሻክራል፤ በመጨረሻ የሰው ፊት ይጠፋል። ደንበኛ ዋጋ የሚከራከረው በዚህ ደረጃ ነበር።

ፊልም የሚጠየቀውም በርዕሱ አልነበረም፤ በአክተሩ ነው። «እታለም፣ አዲስ የቫንዳም ገብቷል?» «የአርኖልድ አለ?» እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1991 የወጣውን «ተርሚኔተር 2» ስሙን ጠርቶ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። «ያ የሚቀልጠው ሮቦት ያለበት» ነበር የሚሉት። እንግሊዝኛ ሳናውቅ፣ ሮቦት ምን እንደሆነ በትምህርት ቤት ሳንማር፣ ከወደፊቱ ዘመን የተላከ ማሽን ልጅን እንደሚጠብቅ በምስል ብቻ ተረዳን። ያልገባው ልጅ ካለ አጠገቡ የተቀመጠው እየተረጎመ ይነግረዋል፤ የቀረውን ራሱ ይፈጥርለታል። ሳይንስ ልቦለድ ወደ መርካቶ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ በመጽሐፍ አይደለም።

ጌሙ ትንሽ ቆይቶ ተከተለ። የመጀመሪያዎቹ ከቻይና የሚመጡ፣ የኒንቴንዶ አምሳያ የሆኑ፣ ከላይ ካሴት የሚሰካባቸው ናቸው። ካሴቱ ላይ 99999 ጌም አለው ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጡ ያሉት ግን ስማቸው እየተለዋወጠ የሚደጋገሙ ጥቂቶች ናቸው። ታንኩና ማሪዮው ሁሉም ጋ ነበሩ። ቪዲዮ ቤቶች ጠዋት ጠዋት ሰው ስለማይገባላቸው ያንኑ ቴሌቪዥን ለጌም ያከራዩት ጀመር። ደጃፉ ላይ ጆተኒ፣ ውስጥ ጌም፣ ከሰዓት በኋላ ፊልም። ታናሽ ወንድሜም የሱቃችንን ጓዳ ጠርጎ ጌም ቤት አደረገው።

በዚያ ጊዜ የወላጅ እሮሮ ከባድ ነበር። ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ የዳቦ ሳንቲም ይበላል ተብሎ እናቶች በር ላይ ቆመው ይጠሩ ነበር። ሥጋቱ እውነት ነበረው፤ አባቴም በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቷን «የሰይጣን ቤት» ብላ እንደጠራች ሳስብ፣ ይህ ፍርሃት ከእኛ ዘመን እንዳልጀመረ ይገባኛል።

ከዚያ ሴጋ መጣ፤ ከሴጋ ጋር «ሞርታል ኮምባት»። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ «ስትሪት ፋይተር»፣ በነሐሴ 1995 ደግሞ «ሞርታል ኮምባት» በሰው ተዋንያን ፊልም ሆነው ወጡ። ካሴቶቹ ሱቃችን ሲደርሱ የተፈጠረውን ክርክር አልረሳውም። ልጆቹ ፊልሙን የሚያዩት እንደ እንግዳ አልነበረም፤ እንደ ዳኛ ነበር። ጌሙ ላይ ስኮርፒዮን የሚወረውረው በገመድ የታሰረ ስለት ነው፤ ፊልሙ ላይ ግን ከመዳፉ እንደ እባብ ሕይወት ያለው ነገር ይወጣል። «እንዲህ አይደለም!» ብለው ጮኹ። «ስትሪት ፋይተር» ላይ ደግሞ ዋናው አክተር ራዩ መሆን ሲገባው ቫንዳም የሚጫወተው ጋይል ሆነ። ቫንዳምን የሚወዱት እንኳ አኮረፉ። እነዚህ ልጆች ስለ ፊልም ትችት የተማሩት ነገር አልነበረም። ታሪኩን ግን በጣታቸው ያውቁት ነበር፤ የትኛው ገጸ ባሕርይ በምን እንደሚመታ፣ መቼ እንደሚሸነፍ። እኔ እስከ ዛሬ ከጌም በተሠራ ፊልም ላይ ከእነሱ የተሻለ ሂስ አልሰማሁም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ጥቂት ቆይቶ መርካቶን ያዘ። ቺፕ ተገጥሞለት የተቀዳ ዲቪዲ ስለሚያነብ ጌሙ ርካሽ ሆነ። ገንዘብ የሚያመጣው ኳስ ነበር፤ «ዊኒንግ ኢለቨን»ና «ፊፋ»። የኳስ ጨዋታ ያልቃል፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ሌላው ይከፍላል። «ሬዚደንት ኢቪል» ወይም «ጎድ ኦፍ ዋር» ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ወንድሜ ለእነሱ ሂሳቡን በሰዓት አደረገ። ሰዓቱ ሲያልቅ ልጁ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ አድርጎ ይነሣል፤ ካርዱ ስሙ በወረቀት ተለጥፎበት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያድራል። ነገ ሳንቲም ሲያገኝ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከኋላው አግዳሚ ላይ ደግሞ ሳይከፍሉ የሚያዩ ነበሩ። ተሸካሚው ለአፍታ ሸክሙን አውርዶ፣ ሊስትሮው ሣጥኑን እግሩ ሥር አድርጎ፣ የሱቅ ተላላኪው ተደብቆ። «ትናንት የት ደረሰ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያመለጣቸውን ክፍል ከሰው ሰምተው ይቀመጣሉ። ልጁ አደገኛ ቦታ ሲደርስ ሁሉም ይመክራል፤ ሲሞት ሁሉም ይቆጫል። ሰዓቱ ልክ ሊያዩት በጓጉበት ቦታ ላይ ሲያልቅ ከመሀላቸው አንዱ ከኪሱ አውጥቶ የከፈለበት ጊዜ አለ። ከጌም የተሠራ ተከታታይ ፊልም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ያየሁት እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው። ክፍሎች ነበሩት፣ ተመልካች ነበረው፣ ናፍቆት ነበረው። የሆሊውድ ድርጅቶች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የገነቡትን ነገር የመርካቶ ጌም ቤት በአንድ ቴሌቪዥንና በአንድ አግዳሚ ይሠራው ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የመብራት ፈረቃ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተናጋ። ሴቭ ሳይደረግ መብራት ሲጠፋ የሰዓታት ልፋት ይጠፋል። ጄኔሬተር መግዛት የቻለ ቀጠለ፤ ያልቻለ ዘጋ።

«ሄሎ» የተባለው ጌም ነገር ለየት ይላል። ጌሙ የኤክስቦክስ ነበር፤ ኤክስቦክስ ደግሞ በእኛ ሰፈር ጌም ቤቶች አልተለመደም፤ ሁሉም ፕሌይስቴሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 2 ቀን 2012 «ሄሎ 4፦ ፎርዋርድ አንቱ ዶውን» የተባለ ባለ አምስት ክፍል ፊልም በኢንተርኔት ወጣ፤ «ሄሎ 4» የተባለው ጌም ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ለእሱ መንገድ እንዲጠርግ ተብሎ። በአንድ የጦር አካዳሚ ውስጥ ያሉ ወጣት ዕጩ መኮንኖች ከሌላ ዓለም በመጣ ጠላት ሲጠቁ የሚያሳይ ነው። ማስተር ቺፍ የሚባለው ባለ አረንጓዴ ጥሩር ወታደር የሚታየው መጨረሻው አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ፊልም በፍላሽ መጫን ጀምረን ነበር። የወሰዱት ልጆች ጌሙን ነክተውት ስለማያውቁ፣ እንደ ማንኛውም የጦር ፊልም ነው ያዩት። የሚያመነታው ዕጩ መኮንን የቶማስ ላስኪ ታሪክ ነካቸው እንጂ ማስተር ቺፍ ሲመጣ አልጮኹም። ከ«ሞርታል ኮምባት» ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ይኸው ነው። አስቀድሞ በእጅ ያልታወቀ ጀግና በዓይን ብቻ ሲመጣ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

በዚሁ ዘመን የእኛም ሳይንስ ልቦለድ ተወለደ። አዲስ አበባ ይኖር የነበረው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣ፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ዓለም ከጠፋች በኋላ የሚሆን ታሪክ ነው፤ ሰማይ ላይ የቆመ መንኮራኩር አለ፣ ዳሎል አለ። የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ዋጋ ይተመንላቸዋል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን የመርካቶውን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው ያንን ትእይንት ሲያይ የሚሰማውን ሌላ አገር ያለ ተመልካች አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ያው ዳይሬክተር በሠራው ሌላ ፊልም ደግሞ ዳንኤል ታደሰ በኮምፒውተር ውስጥ ወዳለ ምናባዊ ዓለም የሚገባ የስለላ ሠራተኛ ሆኖ ይጫወታል። ከጌም ጋር የሚቀራረብ ነገር ከአገራችን ተዋናይ ጋር ያየሁት በዚህ ነው።

ስለ ኮፒ ንግዱ ሳልናገር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ። አባቴ የአማርኛ ፊልም አናባዛም ብሎ የወሰነው ቪሲዲ እንደመጣ፣ የአገራችን ባለሙያዎች በቪዲዮ ካሜራ መሥራት ሲጀምሩ ነው። «እነዚህ ጎረቤቶቻችን ናቸው» ነበር ያለው። ውሳኔው ገበያ አሳጥቶናል፤ ትክክል እንደነበር ግን አልጠራጠርም። አገር ውስጥ የሚሠራን ሰው ልፋት ገልብጦ መሸጥ ነገ የሚሠራ ሰው ማጣት ነው።

ዛሬ ጌም ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የዳዊት አብርሃም ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ታሪክ ነው። «ገበታ»ንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ከአገራችን ጌም ተነሥቶ የተሠራ ተከታታይ ፊልም ግን እስካሁን አላየሁም። የሚሠራው ወጣት ሲመጣ፣ ተመልካች ታሪክን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠበቀ እንዴት እንደሚወደው የሚያውቁ ሰዎች መርካቶ ውስጥ አሉ፤ ሄዶ ይጠይቃቸው።

ችግሩ ማስረጃው እየጠፋ መሆኑ ነው። ቪዲዮ ቤቶቹ የነበሩባቸው መንደሮች ፈርሰው ፎቅ ተሠርቶባቸዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ የተነሣው እሳት የስንቱን ንብረት እንደበላ ሁላችንም አይተናል፤ ወረቀትና ካሴት እሳትን አይችሉም። የአባቴ የኪራይ መዝገቦች ዛሬም እኔ ጋ አሉ፤ ማን ምን ፊልም መቼ እንደወሰደ ይናገራሉ። እናንተም ቤት የተከራዮች መዝገብ፣ የፊልም ዝርዝር የተጻፈበት ሰሌዳ፣ የድሮ ካሴት ወይም ስም የተለጠፈበት ሚሞሪ ካርድ ካለ አትጣሉት። የቪዲዮ ቤት ባለቤት የነበሩ አባቶችና ወንድሞችም በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ድምፃቸውን ቅዱ።