የጥንድ ቱቦ ጠመንጃ የአናት ብረት

ጎን ለጎን ሁለት ቱቦ ያለው የወፍ ማደኛ ጠመንጃ፣ ማለትም ሾትገን፣ ቱቦዎቹን አያይዘው የሚይዙ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉት። አንደኛው ከታች፣ ሌላው ከላይ በስታኞ ይበየዳል። የላይኛው የአናት ብረት ቱቦዎቹን ከማያያዝ ሌላ ዓይንን የመምራት ሥራም አለበት። በሾትገን የሚተኩስ ሰው ተረጋግቶ ለማነጣጠር ጊዜ የለውም፤ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳርፎ የሚበርረውን ወፍ ሲከተል የአናት ብረቱ ዓይኑን በቀጥታ ወደ አፈሙዙ ያደርስለታል።

በድሮዎቹ ጥንድ ቱቦዎች ላይ ይህ ብረት በሁለቱ መካከል ያለውን ቦይ ከመዝጋት ብዙም ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ሆኖም ቀላል ጥንድ ቱቦ በተኩስ ጊዜ አፈሙዙ ወደ ታች ስለሚለምጥ የእርሳስ ፍሬው ከታለመለት ዝቅ ብሎ ያርፋል። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ጆሴፍ ማንተን በ1806 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው ከፍ ያለ የአናት ብረት መፍትሔው ይኸው ነበር፦ ብረቱ ከኋላ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ዝቅ ስለሚል ተኳሹ ሳይታወቀው አፈሙዙን ቀና ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ጠፍጣፋው፣ ጎድጓዳው፣ ነጸብራቅ እንዳይኖረው ፊቱ በሞረድ የተጫረው፣ ሁሉም ዓይነት ተሠርቷል። ሮበርት ቸርችል በ1920ዎቹ ባለ 25 ኢንች አጭር ቱቦ ጠመንጃውን ሲያስተዋውቅ ጠባብና ከፍ ያለ የአናት ብረት የገጠመለት፣ ቱቦው ለተኳሹ ዓይን ረዝሞ እንዲታይ ነው።

እነዚህ ሁሉ ድፍን ነበሩ፤ ለአዳኝም ድፍኑ ይበቃ ነበር። ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ሰው ሁለት ጥይት ተኩሶ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በእንግሊዝ ርስቶች ላይ ወፍ እየተነዳለት የሚተኩሰው ባለጠጋም ብዙ ጊዜ ጥንድ ጠመንጃ ይይዝና አንዱን ሲተኩስ ረዳቱ ሌላውን ያጎርስለታል፤ ሙቀቱም ለሁለት ይከፈላል። ችግሩ የመጣው ከአሜሪካ የዒላማ ሜዳዎች ነው። የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ በ1880 የሸክላ ዒላማን በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ አንድ ተወዳዳሪ በአንድ ቀን መቶና ከዚያ በላይ ጥይት መተኮሱ የተለመደ ሆነ። የጋለው ቱቦ በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ብርሃን ይታጠፍና ዒላማው በተኳሹ ዓይን ፊት ይርገበገባል።

መላው የማያው ብረት ከቱቦው እንዲለይ ማድረግ ነበር። ስለዚህ የአናት ብረቱ በትናንሽ እግሮች ላይ እንደ ድልድይ ከፍ ብሎ ቆመ። በእግሮቹ መካከል አየር ያልፋል፣ ቱቦው ይበርዳል፣ የላዩ ብረትም ቶሎ አይግልም። የኮኔቲከቱ ፓርከር ብራዘርስ ይህን በ1917 ባወጣው ባለ አንድ ቱቦ የዒላማ ጠመንጃ ላይ ተጠቀመበት፤ ለጥንድ ቱቦዎቹ ያቀረበው ግን ዘግይቶ በ1926 ነው። ይህ ዓመት ስኪት የተባለው የሸክላ ዒላማ ጨዋታ ስያሜውን ያገኘበትም ነው። በ1931 ለገበያ የቀረበው የዊንቸስተር ሞዴል 21ም ይህን ብረት በተጨማሪ ክፍያ ይዞ ይገኝ ነበር። ገዢዎቹ በአብዛኛው እጅን ከጋለ ቱቦ የሚከላከለውን ሰፊ የእንጨት መያዣና ነጠላ ቃታን አብረው ያዝዙ ነበር፤ ሦስቱም የዒላማ ሜዳ ፍላጎቶች ናቸው።

ነገር ግን በጥንድ ቱቦ ላይ ጥቅሙ ጎዶሎ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች በግራና በቀኝ ተዘርግተው ስለሚገኙ ሙቀቱ ከብረቱ ግራና ቀኝ እንደልቡ ይነሣል። አሠራሩም አስቸጋሪ ነበር። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ቦይ ውሃ እንዳይገባው አስቀድሞ በሌላ ብረት መደፈን አለበት፤ እግሮቹና ድልድዩ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስሱ ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ በክፍተቶቹም ቅጠልና ጭቃ ተሰግስጎ ዝገት ያበቅላል። ለዚህ ነው አዳኞች የሸሹት። ዒላማ ተኳሾቹም በበኩላቸው ጥቂት ቆይተው ወደ ሌላ ጠመንጃ ሄዱ፤ ቱቦዎቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡበት የብራውኒንግ ሱፐርፖዝድ እንደ ሞዴል 21 ሁሉ በ1931 ለገበያ ቀርቦ ነበርና፣ ባለ ክፍተቱ ብረት በዚያ ጠባብ አናት ላይ ይበልጥ ተስማማ።

በዚህ የተነሣ ከፋብሪካ ባለ ክፍተት ብረት ይዞ የወጣ አሮጌ ጥንድ ቱቦ ዛሬ ብርቅ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ያለ። ሰብሳቢዎች ሲገዙ የሚጠነቀቁበት ምክንያት አላቸው፦ እንደ ካንሳስ ሲቲው ሲመንስ ያሉ ወርክሾፖች በድፍን ብረት በተሠሩ ጠመንጃዎች ላይ ባለ ክፍተት ብረት እየገጠሙ ይሰጡ ነበር። የፓርከር የትእዛዝ መዛግብት በከፊል ስለተረፉ አንዳንዱን ማመሳከር ይቻላል። አለዚያ ቱቦዎቹን በገመድ አንጠልጥሎ በጣት ማንኳኳት የቆየ ዘዴ ነው፤ ብየዳው ደህና ከሆነ ድምፁ ይጠራል፣ የሆነ ቦታ ከለቀቀ ግን ይሻክራል። ብየዳው የሚለቀው ብዙ ጊዜ በግድየለሽ እድሳት ነው። ብረት ለማጥቆር ዘመናዊ ወርክሾፖች የሚጠቀሙበት የፈላ የኮስቲክ ጨው ስታኞን ስለሚበላ፣ ጥንድ ቱቦ የሚጠቁረው እንደ ጥንቱ በዝግታ በማዛግ ነው።